ካሜራ የሚጠፋው ሥራ ሲያልቅ ነው

(መግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

አቅራቢ፦ የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ካሜራ አንግተው ለሥራም ሆነ ለጉብኝት ከከተማ ከተማ፣ ከአገር አገር ለሚንቀሳቀሱ ሰዎች የተሰናዳ ነው። ሠርግ ለመቅረጽ ክፍለ ሀገር የምትወርዱ ባለሙያዎች፣ ለገና ላሊበላ፣ ለጥምቀት ጎንደር፣ ለፍቼ ጫምባላላ ሐዋሳ፣ ለኢሬቻ ቢሾፍቱ የምትሄዱ ፎቶ አንሺዎች፣ በበዓል ሰሞን ካሜራችሁን ይዛችሁ ከውጭ አገር የምትመጡ ወገኖቻችንም ጭምር ጆሯችሁን አውሱን። ርእሳችን በጉዞ ላይ የካሜራ ዕቃን ከስርቆት መጠበቅ ነው።

ብዙ ሰው ካሜራ የሚሰረቀው ፎቶ በማንሳት ላይ ሳሉ ይመስለዋል። ፎቶ አንሺ ሥራ ላይ ሲሆን ግን ካሜራው ዓይኑ ላይ ነው፤ ሁለት እጁ ይዞታል፤ ማንገቻውም አንገቱ ላይ ነው። ሌባ የሚጠብቀው ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውን ነው፤ ካሜራው ከእጅ ወርዶ ጠረጴዛ ላይ፣ ወንበር ሥር፣ መኪና ውስጥ ወይም ቻርጅ ላይ የሚቀመጥበትን ሰዓት። መሳፈር፣ መውረድ፣ ምሳ መብላት፣ ሌንስ መቀየር፣ አልጋ መያዝ፤ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከቦታ ወደ ቦታ የሚተላለፍባቸው እነዚህ ትንንሽ ክፍተቶች ናቸው የሚያስዘርፉን። ስለዚህ ዛሬ ስለ ውድ ቁልፍ ብዙ አንነጋገርም። ጉዞውን ከቤት እስከ ቤት ተከትለን ክፍተቶቹን አንድ በአንድ እንደፍናለን።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ የመጀመሪያው ክፍተት ገና ከቤት ሳንወጣ አለ፤ የራስን ዕቃ በቁጥር አለማወቅ።

ሞባይል ቢሰረቅባችሁ አይ ኤም ኢ አይ የሚባል 15 አኃዝ ያለው መለያ አለው፤ ስልኩ የሚሠራው ከኔትወርክ ጋር ተገናኝቶ ስለሆነ በዚያ ቁጥር ማሳገድ ይቻላል። ካሜራ እንዲህ ዓይነት ነገር የለውም። ከሌባው እጅ ወጥቶ ገበያ ላይ ቢገኝ የእናንተ መሆኑን የሚመሰክርላችሁ ሴሪያል ቁጥሩ ነው። ብዙውን ጊዜ በካሜራው ቦዲ በታች በኩል ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ሌንሱም የራሱ ቁጥር አለው፤ ፍላሹም እንዲሁ። የእያንዳንዱን ቁጥር በሞባይላችሁ ፎቶ አንሱት። የተገዛበት ደረሰኝና ካርቶኑ ካለ አብራችሁ አንሱ። ከዚያ ወደ ኢሜይላችሁ ላኩት፤ ወይም ለምታምኑት ቤተሰብ አስቀምጡት። ስልኩ ከካሜራው ጋር አብሮ ሊሄድ ስለሚችል ማስረጃው ስልክ ላይ ብቻ መቅረት የለበትም።

“ካሜራዬ ከጠፋ ቆየ፤ ቁጥሩንም አልያዝኩም” የምትሉ ካላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ብዙ ዲጂታል ካሜራዎች በሚያነሱት እያንዳንዱ ፎቶ ፋይል ውስጥ የማይታይ መረጃ ይጽፋሉ፤ ቀኑን፣ የካሜራውን ዓይነት፣ በብዙዎቹም የቦዲውን ሴሪያል ቁጥር። ኤግዚፍ ይባላል። በዚያ ካሜራ ያነሳችሁት፣ ምንም ያልተነካካ አንድ የድሮ ፋይል ኮምፒውተራችሁ ላይ ካለ ቁጥሩን ከዚያ ማውጣት ይቻላል። አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ሲጨመቅ ይህ መረጃ ይጠፋበታል፤ እንደ ፋይል የተላከው ግን ይዞት ይቆያል። ስለዚህ ለማስረጃ የሚሆነውን ሁልጊዜ እንደ ፋይል ላኩት።

በካሜራችሁ ሜኑ ውስጥ ደግሞ የባለቤትነት ስም የሚጻፍበት ቦታ ፈልጉ። ስማችሁን አንድ ጊዜ ካስገባችሁት ከዚያ ወዲያ በምታነሱት ፎቶ ሁሉ ውስጥ ይጻፋል። በቅን ሰው እጅ የወደቀ ካሜራ ባለቤቱን የሚያገኝበት አንዱ መንገድ ይኸው ነው።

ከአገር የምትወጡ ከሆነ ቁጥሩ ሌላም ጥቅም አለው። ስትመለሱ ካሜራው ውጭ አገር የተገዛ መስሎ ቀረጥ እንዳይጠየቅበት፣ ከመውጣታችሁ በፊት ጉምሩክ ዘንድ ስለ ማስመዝገብ ጠይቁ። በአሜሪካ የምትኖሩ አድማጮቻችን ለዚሁ ጉዳይ የአገሪቱ ጉምሩክና ድንበር ጥበቃ ቅጽ 4457 የተባለ ወረቀት አለው፤ ዕቃውን አሳይታችሁ ታስሞላላችሁ። ካሜራው ቢሰረቅባችሁ ያ ወረቀት ለፖሊስም ለኢንሹራንስም ማስረጃ ይሆናል።

ስለ ኢንሹራንስ ካነሳን፣ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ከከተማዬ ወይም ከአገሬ ውጭ ቢሰረቅ ይሸፍናል? ከቆመ መኪና ውስጥ ቢሰረቅስ? የሚከፈለኝ አዲስ የምገዛበት ዋጋ ነው ወይስ በአገልግሎት ዘመኑ የተቀነሰው? የመኪናውን ጥያቄ በደንብ ግፉበት፤ ብዙ ውሎች ሽፋን የሚነፍጉት እዚያ ላይ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ አሁን ጉዞ ጀመርን። በአውሮፕላን ለምትሄዱ ሕጉ አጭር ነው፤ ካሜራና ሌንስ ከእናንተ ጋር ወደ ላይ ይወጣል፤ ስታንድ፣ የመብራት ማቆሚያ፣ ገመድና ልብስ ወደ ዕቃ ክፍል ይገባል።

ባትሪን በተመለከተ ምርጫም የለም። ትርፍ ሊቲየም ባትሪ በዕቃ ክፍል ሻንጣ ውስጥ እንዳይገባ ዓለም አቀፉ የበረራ ደንብ ይከለክላል፤ ምክንያቱ እሳት ነው። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው ያለ ልዩ ፈቃድ በእጅ ሻንጣ ይያዛል። ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ቮልቱን በአምፒር ሰዓት ማባዛት። 7.2 ቮልትና 2,280 ሚሊ አምፒር ሰዓት የተጻፈበት የተለመደ የካሜራ ባትሪ 16.4 ዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ከገደቡ በጣም ይርቃል። ለቪዲዮና ለመብራት የምትጠቀሙባቸውን ትልልቅ ባትሪዎች ግን ጽሑፋቸውን አንብቡ። የባትሪውን ጫፍ በፕላስተር ሸፍኑት ወይም በፕላስቲክ ማስቀመጫው ክተቱት።

“የእጅ ሻንጣ ኪሎ አይበቃኝም” የሚል ሰው አይጠፋም። ብዙ አየር መንገዶች ለኢኮኖሚ ተሳፋሪ 7 ኪሎ ገደማ ይፈቅዳሉ። እንመዝነው። ሁለት ቦዲ ወደ አንድ ኪሎ ተኩል፣ መካከለኛ ዙም ሌንስ ከ800 እስከ 900 ግራም፣ ረጅሙ ሌንስ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ኪሎ፣ ፍላሽና ባትሪዎች አንድ ኪሎ ገደማ። ቀለል ያለ ቦርሳ ካላችሁ ይገባል። ከባዱ ብዙውን ጊዜ ራሱ ቦርሳው ነው።

በር ላይ ስትደርሱ “ቦታ ሞልቷል፣ ሻንጣው ወደ ታች ይውረድ” ቢሏችሁ አትደናገጡ። ባትሪዎቹን በደንቡ መሠረት ማውጣት አለባችሁ፤ በዚያው ቦዲውን፣ ዋናውን ሌንስና ሚሞሪዎቹን አውጥታችሁ አንገትና ኪስ ላይ አድርጉ። ይህ የሚያስፈልገው ወደ ታች የወረደ ዕቃ ከጠፋ ካሳው ጣሪያ ስላለው ነው። ኢትዮጵያም የተቀበለችው የሞንትሪያል ስምምነት የአንድ ተሳፋሪን የሻንጣ ካሳ፣ እ.ኤ.አ. ከ2024 ማብቂያ ጀምሮ፣ ኤስ ዲ አር በሚባለው መለኪያ በ1,519 ይገድበዋል፤ ወደ 2,000 የአሜሪካ ዶላር ገደማ መሆኑ ነው። አንድ ጥሩ ሌንስ ብቻውን ከዚያ ይበልጣል።

(የአውቶቡስ ሞተር፣ የመናኸሪያ ጫጫታ)

አቅራቢ፦ በአውቶቡስ የሚሄደውስ? እስቲ መናኸሪያ እንግባና አንድ ባለሙያና የአውቶቡስ ረዳት ሲነጋገሩ እንስማ።

ረዳት፦ አባቴ፣ ይቺን ቦርሳ ከላይ ልጫናት፤ መተላለፊያውን ዘጋችው እኮ።

ባለሙያው፦ የለም ወንድሜ፣ እሷ ከኔ ጋር ናት። ትልቁን ሻንጣ ውሰደው።

ረዳት፦ ምን ቢኖርባት ነው? ወርቅ ነው እንዴ?

ባለሙያው፦ መስታወት ነው፤ ይሰበራል። እግሬ ሥር አደርጋታለሁ፣ ለማንም አታስቸግርም።

ረዳት፦ እሺ በቃ፣ ግቡ፣ ግቡ!

(ድምፁ ይወርዳል)

አቅራቢ፦ ባለሙያው አልዋሸም፤ ሌንስ መስታወት ነው። “ካሜራ ነው” ብሎ ግን በተሳፋሪው ሁሉ ፊት አላወጀም። ቦርሳውን ደግሞ ከራሱ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ አላወጣም። እንቅልፍ ሲወስደን ከላይ ያለውን ዕቃ የሚያወርደው ማን እንደሆነ አናይም። እግር ሥር ሲሆን ማንገቻው በቁርጭምጭሚት ዙሪያ ይጠላለፋል፤ ጎተት ሲደረግ ያነቃል። አውቶቡሱ ለቁርስ ሲቆምም ቦርሳው አብሮ ይወርዳል። “ጎረቤቴ ይጠብቅልኛል” ማለት ጨዋነት ነው፤ ጎረቤትየው ግን ሽንት ቤት መሄዱ አይቀርም።

ቦርሳውን በተመለከተ፣ የታወቀ የካሜራ ስም በትልቁ የተጻፈበት ቦርሳ ውስጡ ያለውን ነገር ለመንገደኛ ሁሉ ያስነብባል። ተራ የተማሪ ቦርሳ ግዙና ውስጡን በስፖንጅ ማስቀመጫ ክፈሉት። የካሜራው ማንገቻ ላይ ያለውን ስምም በጥቁር ፕላስተር መሸፈን ትችላላችሁ።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ አሁን ደረስን። ጎንደር ነን እንበል፤ ጥምቀት ነው። በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ ፎቶ አንሺ ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። ጥር 10፣ በከተራ፣ ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ይወርዳሉ። ጥር 11 ሲነጋ ውኃው ይባረካል፤ ወጣቶቹም ዘለው ይገባሉ። ሁሉም ፎቶ አንሺ የሚፈልጋት ቅጽበት ያቺ ናት።

ያን ጊዜ የፎቶ አንሺው ስጋት ምንድን ነው? ውኃው ነው። ካሜራው ላይ እንዳይረጭ ይሸፍናል፣ ያጎነብሳል፣ ሌንሱን ይጠርጋል። ዓይኑ ሁሉ ፊት ለፊት ነው፤ ጀርባው ላይ ያለው ቦርሳ ባለቤት የለውም። ኪስ አውላቂ የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ጀርባ ነው። ስለዚህ ሕዝብ መሃል ቦርሳ ደረት ላይ ይዞራል። ጀርባችሁን ለግንብ ወይም ለግንድ ስጡ፤ ቦታችሁን ሕዝቡ ሳይሞላ በሌሊት ያዙ። የካሜራውን ማንገቻ በአንድ ትከሻ ብቻ አታንጠልጥሉት፤ አንገትና ብብትን አሻግሮ በሰያፍ ይለበስ፤ ትርፉን እጅ አንጓ ላይ አንዴ ጠምዝዙት።

ሌንስ መቀየር በሕዝብ መሃል ትልቁ ክፍተት ነው። አንድ እጅ ቦዲውን፣ ሌላው እጅ ሌንሱን ይይዛል፤ ቦርሳው አፉን ከፍቶ ይጠብቃል፤ ባለቤቱም ያቀረቅራል። መፍትሔው ሌንስ የማያስቀይር ዝግጅት ነው። ሁለት ቦዲ ያለው ሰው ሁለቱንም ሌንስ ገጥሞ ይውጣ። አንድ ቦዲ ያለው ደግሞ በቅርብም በሩቅም የሚያነሳለትን አንድ ዙም ገጥሞ ሌላውን ማደሪያው ላይ ቆልፎ ይተወው። ጥቂት ዓይነት ፎቶ ይቀርባችሁ ይሆናል፤ ልባችሁ ግን ሥራው ላይ ይሆናል።

የማዘናጊያ ዘዴዎችን ከተማ ውስጥ የኖረ ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ሥራ ሲይዘን ግን እንረሳቸዋለን። “ልብስዎ ቆሽሿል፣ ልጥረግልዎ” የሚል ሰው፣ ከፊታችሁ በድንገት የሚነሳ ጠብ፣ ሶፍትና ማስቲካ የያዘ ካርቶን ወገባችሁ ላይ የሚያስጠጋ ልጅ፤ ካርቶኑ ከሥሩ ያለውን እጅ ይሸፍናል። በሐቅ የሚሸጠውን ልጅ ሁሉ በሌባ ዓይን እዩ ማለታችን አይደለም። በድንገት ሲነኳችሁ የመጀመሪያው እንቅስቃሴያችሁ እጅን ካሜራው ላይ ማሳረፍ ይሁን፤ ልብሱ ኋላ ይጠረጋል።

ሁለትና ከዚያ በላይ ሆናችሁ የምትሠሩ ከሆነ አንድ ልማድ አብጁ። ካሜራ ስትቀባበሉ ተቀባዩ “ይዤዋለሁ” ሳይል ሰጪው እጁን አይለቅም። “እኔ አንተ ጋ ያለ መስሎኝ”፣ “እኔ ደግሞ አንቺ ጋ” የሚለው ጭቅጭቅ ከዚህ ጉድለት ይመጣል። ሠርግ ላይም ምሳ ሲቀርብ ሁሉም አይነሳም፤ አንዱ ዕቃው ጋ ይቀመጣል፣ ሲጨርሱ ይቀያየራሉ። ስታንድ ላይ ካሜራ የተከለ ሰው የቦርሳውን ማንገቻ እግሩ ውስጥ ያስገባ።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ በዓሉ አለቀ፤ ታቦታቱ ተሸኙ፤ ሰው ወደየማደሪያው ነው። እናንተም ደክማችኋል፣ እርቧችኋል። ከዚህ ሰዓት ጀምሮ ነው ይበልጥ መጠንቀቅ ያለባችሁ።

ምግብ ቤት ስትገቡ ካሜራውን ጠረጴዛ ላይ፣ በተለይ በመንገድ በኩል ባለው ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡት። ወንበር ጀርባ ላይም አይሰቀል። ጭናችሁ ላይ ወይም በእግራችሁ መካከል ይሁን፤ ማንገቻው በጭን ይዙር።

መኪና ይዛችሁ ከሆነ የዕቃውን ቦታ መለወጥ ያለባችሁ ከመድረሳችሁ በፊት ነው። ብዙ ሰው መኪናውን ካቆመ በኋላ ነው የኋላ ኮፈኑን ከፍቶ ቦርሳውን የሚከተው፤ ይህን የሚያይ ሰው ካለ የት እንዳለ ነገራችሁት ማለት ነው። ከመነሻችሁ ከኋላ ከታችሁት ኑ፤ ስትደርሱ ቆልፋችሁ ብቻ ሂዱ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ዋና ዕቃን መኪና ውስጥ አለመተው ነው። በሳን ፍራንሲስኮና በኦክላንድ የመኪና መስታወት ሰብሮ ዕቃ መውሰድና ዝርፊያ እጅግ ተለምዶ ስለነበር የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ዘጋቢዎቻቸውን ከጥበቃ ጋር እስከ መላክ ደርሰው ነበር። እዚያ የምትኖሩ ወገኖቻችን ይህን በደንብ ታውቁታላችሁ።

ማደሪያችሁ ስትገቡ ባትሪውን ቻርጅ ላይ ሰክታችሁ መውጣት ትችላላችሁ፤ ካሜራውን አብራችሁ ሶኬቱ አጠገብ አትተዉት። ዕቃውን ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ቆልፋችሁ፣ ሻንጣውን በሽቦ ገመድ ከአልጋው ብረት ወይም ከቧንቧ ጋር እሰሩት። ይህ ጊዜ ያለውን ሌባ አያቆመውም፤ አንሥቶ ሊሮጥ የመጣውን ግን ያስቆመዋል። ለእንግዳ መቀበያ በአደራ የምታስቀምጡ ከሆነ የዕቃው ዝርዝርና ሴሪያል ቁጥሩ የተጻፈበት ወረቀት አስፈርሙ።

ስለ ትንንሾቹ መከታተያዎችም ትጠይቁ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ኤርታግ ሲ አር 2032 በሚባል ክብ ባትሪ አንድ ዓመት ገደማ ይሠራል። በራሱ ኢንተርኔት የለውም፤ አካባቢው ላይ የሚያልፉ የአፕል ስልኮች ናቸው ያለበትን የሚጠቁሙለት። አይፎን በበዛበት ከተማ ይጠቅማል፤ በገጠር መንገድ ላይ ዝም ይላል። የሌባው ስልክም “መከታተያ አብሮህ እየሄደ ነው” ብሎ ሊያስጠነቅቀው ይችላል። ቦታውን ካሳያችሁም መረጃውን ለፖሊስ ስጡ፤ ብቻችሁን ተከትላችሁ አትሂዱ።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ እስካሁን ስለ ዕቃው ነበር። ካሜራ በገንዘብ ይተካል። ያ ጥምቀት፣ ያ ሠርግ ግን አይደገምም። ስለዚህ ፎቶውን ከካሜራው መለየት የዕለቱ የመጨረሻ ሥራ ይሁን።

ሁለት የሚሞሪ ማስገቢያ ያለው ካሜራ ካላችሁ በሁለቱም ላይ እንዲጽፍ አስተካክሉት። ማታ አንዱን አውጥታችሁ የውስጥ ኪሳችሁ ውስጥ፣ ገላችሁ ላይ አድርጉት። አንድ ማስገቢያ ብቻ ካለው ሥራው እንዳለቀ ሚሞሪውን ቀይሩ፤ የተሞላው ከእናንተ ጋር፣ ባዶው ካሜራው ውስጥ ይሁን። ላፕቶፕ ካለ ወደ ሃርድ ዲስክ ገልብጡ፤ ላፕቶፑና ሃርድ ዲስኩ በአንድ ቦርሳ አይሂዱ። ጓደኛ ካላችሁ አንዱን እሱ ይያዝላችሁ። ኢንተርኔቱ ደካማ ከሆነ ሁሉንም ለመስቀል አትድከሙ፤ ምርጥ ሃያዎቹን በቴሌግራም እንደ ፋይል ወደ ራሳችሁ ላኩ። ቤት ገብታችሁ ሁለት ቦታ መቀመጡን ሳታረጋግጡ ሚሞሪውን ፎርማት አታድርጉ።

ይህን ያደረገ ሰው፣ በመሣሪያ አስፈራርተው “አምጣ” ቢሉት ካሜራውን ለመስጠት አይከብደውም። በዚያ ሰዓት መስጠት ነው ትክክሉ፤ ነፍስን የሚተካ ኢንሹራንስ የለም።

ከተሰረቃችሁ በመጀመሪያው ሰዓት የምታደርጉት ይህ ነው። በአቅራቢያችሁ ላለው ፖሊስ አመልክቱ፤ ሴሪያል ቁጥሩን አስመዝግቡ፤ ማመልከታችሁን የሚያሳይ የጽሑፍ ማስረጃ ተቀበሉ። ኢንሹራንስ ካላችሁ በውሉ በተጻፈው ጊዜ ውስጥ አሳውቁ። ቁጥሩን ለካሜራ ጠጋኞችና ያገለገለ ካሜራ ለሚሸጡ ሰዎች አሰራጩ።

ያገለገለ ካሜራ የምትገዙ አድማጮችም ድርሻ አላችሁ። ካርቶኑን፣ ደረሰኙን ጠይቁ፤ ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ከቦዲው ጋር መመሳሰሉን እዩ። ቻርጀር የሌለው፣ ቁጥሩ የተፋቀ፣ ዋጋው ከገበያው እጅግ የወረደ ካሜራ ሲቀርብላችሁ እለፉት። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን የሰረቀውን ብቻ ሳይሆን የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ የሚገዛውንም ይቀጣል። ገዢ ያጣ ሌባ ካሜራ ለመስረቅ አይደክምም።

(መዝጊያ ሙዚቃ ከሥር ይገባል)

አቅራቢ፦ አድማጮቻችን፣ የዛሬው የቤት ሥራችሁ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ዛሬ ማታ ካሜራችሁን ገልብጡ፤ የቦዲውን፣ የሌንሱንና የፍላሹን ቁጥር ፎቶ አንሱ፤ እንደ ፋይል ወደ ራሳችሁና ለአንድ ዘመድ ላኩ። ካሜራ የያዘ ጓደኛ ካላችሁም ይህንኑ እንዲያደርግ ንገሩት። “ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ” እንዳይሆንባችሁ፣ ከሚቀጥለው መንገዳችሁ በፊት ይሁን። መልካም ጉዞ፣ መልካም ሥራ።

(ሙዚቃው ከፍ ብሎ ያበቃል)